የብረት ጀልባ ፍቀት፣ ብየዳና ቀለም፦ የትኛው ማስክ፣ በየትኛው ፊልተር፣ እንዴትስ ይያዛል?

ጣና_ዳር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ከውኃ የወጣ የብረት ጀልባ ሊታደስ ነው። ሥራው በቅደም ተከተል ይሄ ነው፦ አሮጌውን ቀለምና ዝገት በግራይንደር መፋቅ፣ የተበላውን ላሜራ ቆርጦ በአዲስ መበየድ፣ አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል የመጀመሪያ ቀለም) መቀባት፣ መጨረሻ ላይ ባለሃርደነር ቀለም (ማጠንከሪያ ፈሳሽ የሚቀላቀልበት) በኮምፕሬሰር መርጨት። የሚሠሩት ሦስት ናቸው። አንዱ ሙሉ ፂም አለው፣ አንዷ ሹሩባ ተሠርታ ሻሽ ታስራለች። በእጅ ያለው አንድ ፓኬት ኤን95 እና ግራና ቀኝ ጥቁር ምልክት ያለበት ካርትሪጅ የሚገባበት፣ ግማሽ ፊት የሚሸፍን የላስቲክ ማስክ ነው። ይሄ ለሁሉም ሥራ ይበቃል? ካርትሪጁ ምን ያህል ያገለግላል? በምንስ ይታጠባል? ክረምቱ ጠንክሮ ሳይገባ ቢያልቅ ይፈለጋል።

ንጹሕ_አየር

ወንድማለም፣ ለሁሉም አይበቃም። አየር ውስጥ የሚገባው ነገር ሁለት ዓይነት ነው፣ ማጣሪያቸውም ለየቅል ነው።

አንደኛው ብናኝ ነው፤ የግራይንደር አቧራ፣ የብየዳ ጢስ፣ ከመርጫው የሚወጣው የቀለም ጠብታ ሁሉ እዚህ ይመደባል። ይሄን የሚይዘው እንደ ጥጥ የተነባበረ የክር ማጣሪያ ነው። ኤን95 ቢያንስ 95 በመቶ፣ የአውሮፓው ኤፍኤፍፒ2 ቢያንስ 94፣ ኤፍኤፍፒ3 ደግሞ 99 በመቶ ይይዛል። ፒ100 የሚባለው ማጀንታ ቀለም ያለው ፊልተር 99.97 በመቶ ይደርሳል።

ሁለተኛው ትነት ነው፤ የቲነር፣ የአንቲረስት፣ የቀለም ትነት። ይሄ ጋዝ ስለሆነ በክር ማጣሪያ ውስጥ እንደ ንጹሕ አየር ያልፋል። የሚይዘው ካርትሪጁ ውስጥ ያለው ልዩ ከሰል ብቻ ነው። ኤን95 አድርጎ ቀለም የሚረጭ ሰው ጠብታውን አስቀርቶ ትነቱን በሙሉ ይስባል።

ያንተ ጥቁር ካርትሪጅ በአሜሪካኖቹ አሠራር ለኦርጋኒክ ትነት ብቻ የተሠራ ነው። ብናኝ አይዝም። ለፍቀት ብትጠቀምበት አቧራው በከሰሉ ፍሬዎች መሃል ሾልኮ ይገባል። በአውሮፓው አሠራር ግን ለኦርጋኒክ ትነት ቡኒ፣ ለብናኝ ነጭ ነው። ቢጫ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ በአሜሪካው ቢጫ ኦርጋኒክ ትነትና አሲድ ጋዝን አንድ ላይ ይይዛል፤ በአውሮፓው ቢጫ ለሰልፈር ዳይኦክሳይድና መሰሎቹ እንጂ ለቲነር አይሆንም። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉንም አንብቡ።

የላስቲኩ አካል ያው ሆኖ ፊልተሩን እንደ ሥራው ቀይሩ። ለፍቀትና ለብየዳ ፒ100፣ ለቀለም የኦርጋኒክ ትነት ካርትሪጅ ከፊቱ የብናኝ ፓድ ተጨምሮበት። ግማሽ ፊት ማስክ በትክክል ሲገጠም የምትስበውን መጠን ወደ አንድ አሥረኛ ያወርዳል ተብሎ ነው የሚሰላው። ዜሮ አያደርገውም። ጄኔሬተሩንም ከሥራው ራቅ አድርጉትና ጢሱ በነፋስ ወደ ሌላ እንዲሄድ አድርጉ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከእነዚህ ፊልተሮች አንዱም አይዝም።

በያጅ_ዘቀበሌ

ስለ ፍቀቱ ልጨምር። አሮጌ ቀለም ላይ ስትሆኑ እርሳስ እንዳለበት አድርጋችሁ ያዙት። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚገባው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ የተደነገገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ጀልባው ላይ ያለው ሽፋን ደግሞ ከዚያ በፊት በተደጋጋሚ የተቀባ ሊሆን ይችላል። ቀይና ብርቱካናማ መልክ ያለው የድሮ አንቲረስት የበለጠ ያስጠረጥራል።

በተቻለ መጠን በደረቁ በግራይንደር አትጀምሩ። ውኃ እየረጫችሁ በእጅ መፋቂያና በብረት ብሩሽ አብዛኛውን አንሱ፣ ግራይንደሩን ለቀረው ብቻ አቆዩት። (እርጥብ ቦታ ላይ የኤሌክትሪክ ግራይንደር አይነሳም፤ መጀመሪያ ይድረቅ።) ከሥር ወፍራም ሸራ ይነጠፍ። ፍቅፋቂው ሐይቁ ውስጥ መግባት የለበትም፣ ዓሣ የሚጠመድበት ዳር ነው።

ብየዳው ላይ ትልቁ ስሕተት ቀለሙ ሳይነሳ ቅስቱን መለኮስ ነው። ቀለሙ ሲቃጠል እርሳሱ ጢስ ሆኖ ይነሳል፣ ያ ደግሞ ከአቧራው ይልቅ ጥልቅ ድረስ ይገባል። ከሚበየደው መስመር ግራና ቀኝ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ባዶ ብረት እስኪታይ ፋቁ፤ ላሜራው ሙቀት የሚያልፈው ስለሆነ በጀርባውም በኩል። ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ) ላሜራ ከሆነ ዚንኩ ጢስ ሆኖ ይነሳል፣ ማታ ላይ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል።

ማስኩ ከብየዳ ቆቡ ሥር እንዲገባ ክቡንና ጠፍጣፋውን የፒ100 ዓይነት ምረጡ። ወጣ ያለው ካርትሪጅ ቆቡን ይገፋዋል፣ ቆቡም ማስኩን ከፊት ያላቅቀዋል። ፍንጣሪም ፊልተሩን ይበሳዋል። በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊሆን ስለሚችል ከብየዳ በኋላ ፊልተሩን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩት፤ የጠቆረ ነጥብ ካለ ይጣል።

ወተት የሚባለውን ነገር ደግሞ እባካችሁ ተዉት። በየጋራዡ ከሥራ በኋላ ግማሽ ሊትር ወተት “ያጥበዋል” ይባላል። ወተት የሚወርደው ሆድ ነው፣ አቧራው ያለው ሳንባ ነው። ወተቱ ለምግብነቱ ይጠጣ፤ ማስክን ግን አይተካም።

ዱኮ_ቀቢ

ወደ ቀለሙ ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ዋናው አደጋ ያለው። ባለሃርደነር ያልከው ቀለም ፖሊዩሪቴን ከሆነ ሃርደነሩ ውስጥ አይሶሳያኔት አለ። ጣሳው ላይ “አይሶሳያኔት”፣ “ኤችዲአይ” ወይም “ፖሊዩሪቴን” የሚል ፈልግ። ይሄ ኬሚካል ሁለት ክፉ ጠባይ አለው። አንደኛ፣ በሚጎዳበት መጠን አይሸትም፤ ካርትሪጁ ጠግቦ ማሳለፍ ሲጀምር የሚነግርህ ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ሳንባ አንዴ ከተቆጣበት ከዚያ በኋላ በጣም ትንሹም አስም ያስነሳል። በመርጫ የሚረጨው ከሆነ ትክክለኛው መከላከያ ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ማስክ ነው።

“እሽ፣ ያንን ቱቦ ከቀለም ኮምፕሬሰሩ ላይ እንቀጥለው” የሚል ሰው ይኖራል። በፍጹም። የቀለም ኮምፕሬሰር በዘይት የሚሠራ ነው፤ ሲግል የዘይት ጉምና ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ አየሩ ይለቃል። ለመተንፈሻ የሚሆን ኮምፕሬሰር የራሱ ማጣሪያና ማንቂያ ያለው ሌላ ዕቃ ነው።

እኔ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው፦ ፖሊዩሪቴኑን ተዉት። ከውኃ መስመር በላይ ላለው አካል ተራ ሲንተቲክ ቀለም በብሩሽና በሮለር ይበቃል። ውኃ ውስጥ ለሚቆየው ሲንተቲክ አይሆንም፣ ይለሰልስና ይላጣል፤ እዚያ ኢፖክሲ በሮለር ቀቡ። የኢፖክሲ ሃርደነር አይሶሳያኔት አይደለም፣ ቆዳ ግን ያስቆጣል፤ ስለዚህ ጓንት። ሮለር ጠብታ ወደ አየር ስለማይበትን የጭንቀቱን ትልቁን ክፍል ያነሳል።

የግድ የሚረጭ ካለ ከካርትሪጁ ፊት የብናኝ ፓድ ይግባ፣ በክዳኑም ይጨበጥ። ፓድ ከሌለ የቀለም ጠብታው ከሰሉ ላይ ይደርቅና አየር ማለፊያውን ይደፍነዋል። ፓዱ ቀለም ሲይዝ ወይም መሳብ ሲከብድ ይቀየራል፤ ዋጋው ከካርትሪጁ ጋር አይወዳደርም፣ አትቆጥቡበት።

ነፋሱንም ተጠቀሙበት። ቀን ላይ ከሐይቁ ወደ ከተማው የሚነፍስ አለ። ነፋሱ በጎናችሁ እንዲያልፍ ቁሙ። ብዙ ሰው ጀርባውን ለነፋስ ይሰጣል፤ ያኔ አየሩ ከሰውነት ፊት ለፊት ተጠቅልሎ ትነቱን አፍንጫ ሥር ያከማቸዋል።

ጣና_ዳር

በጣም ጠቃሚ ነው። ሁለት ነገር ቀረ። ካርትሪጁ በሰዓት ሲቆጠር ስንት ነው? ሌላው፣ በጀልባው ወለል ሥር የታሸጉ ባዶ ክፍሎች አሉ፣ ጀልባውን የሚያንሳፍፉት። አንደኛው ውስጡ ዝጓል፣ ሰው ገብቶ ሊፍቀው ነው የታሰበው። በማስክ ይገባል?

ንጹሕ_አየር

ከሁለተኛው ልጀምር። አይገባም። በየትኛውም ፊልተር ማስክ አይገባም።

ብረት ሲዝግ ኦክስጅን ይበላል። ለወራት ተዘግቶ የዛገ ክፍል ውስጥ ያለው አየር ኦክስጅኑ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። የተለመደው አየር 20.9 በመቶ ኦክስጅን አለው፤ ከ19.5 በታች ሲወርድ የፊልተር ማስክ መጠቀም ክልክል ነው። ፊልተር የሚያጣራው ያለውን አየር ነው፣ ኦክስጅን አይጨምርም። ኦክስጅኑ በጣም ከወረደ ሰው “አፈነኝ” ለማለት እንኳ ጊዜ አያገኝም፣ በሁለትና ሦስት ትንፋሽ ይወድቃል። ቀጥሎ ሊያወጣው የሚገባው ይሞታል። ጉድጓድ በሚያጸዱ ሰዎች ላይ የሚደርሰው ይሄው ነው።

ሌላ መንገድ አለ። ከተቻለ የላይኛውን ላሜራ ቆርጣችሁ ክፍሉን ክፈቱት፣ ከዚያ ክፍት ቦታ ሆነ ማለት ነው። ግን መቁረጡ ራሱ ጥንቃቄ አለው፤ ውስጡ የነዳጅ ወይም የቲነር ትነት ካለ በፍንጣሪ ይፈነዳል። ክዳኑን በእጅ መፍቻ ፍቱ፣ በማናፈሻ ንጹሕ አየር ወደ ታችኛው ጥግ ድረስ በቱቦ ንፉበት፣ የኦክስጅንና የሚቀጣጠል ጋዝ መለኪያ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች አስገቡ። የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ አፉ ላይ ብቻ መለካት ያሳስታል። መለኪያ ከሌለ አትግቡ፤ ረጅም እጀታ ባለው መፋቂያ ከውጭ የሚደረሰውን ያህል ይሠራ። ገብቶ የሚሠራ ካለ ማናፈሻው ሥራው እስኪያልቅ አይቆምም፣ አንድ ሰው አፉ ላይ ይቆማል፣ የሚገባው መጎተቻ ገመድ ያስራል፣ የቆመውም ለማዳን ብሎ አይገባም፤ ይጎትታል፣ ይጮኻል።

ወደ ካርትሪጁ። የደኅንነት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መነሻ ስሌት አለ፦ የኬሚካሉ የመፍያ ነጥብ ከ70 ዲግሪ በላይ ከሆነና አየር ውስጥ ያለው ከ200 ፒፒኤም በታች ከሆነ፣ በተለመደ የሥራ ጫና 8 ሰዓት ሊያገለግል ይችላል። የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ ካለፈ ግማሹን ቀንሱ፤ ውኃው በከሰሉ ላይ ቦታ ይይዛል። የሐምሌና የነሐሴ አየር ሐይቁ ዳር ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ 4 ሰዓት በሉት። ሥራው የሚያስተነፍስ ከባድ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳል።

ቲነሩ ውስጥ አሴቶን ካለ ስሌቱ አይሠራም። አሴቶን በ56 ዲግሪ ይፈላል፣ በከሰሉ ውስጥ ቶሎ ተንሸራቶ ያልፋል። ቶሉይን በ110 ስለሚፈላ ከሰሉ በደንብ ይይዘዋል። ስለዚህ ጣሳውን አንብቡ። ሽታን እንደ ምልክት አትጠብቁ፤ ሲሸት ካርትሪጁ ካለፈ ቆይቷል፣ አፍንጫም ይለምዳል።

እታለም_ዘጋጅ

ፊት ላይ ስለመግጠሙ ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳው። ፊልተሩ 99.97 ቢሆን ጠርዙ ከቆዳ ጋር ካልተጣበቀ አየሩ የሚመርጠው ቀዳዳውን ነው።

ፂም ያለው ወንድማችን በእነዚህ ማስኮች አይሠራም። ጠርዙ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንድ ቀን ያደረ ፂም እንኳ ያስገባል። ሪዝ ብቻ ከሆነና ጠርዙንም ቫልቩንም ካልነካ ችግር የለም። በሃይማኖቱ ምክንያት የማይላጭ ከሆነ ይከበርለት፤ ለእርሱ የሚሆነው ባትሪ ባለው ማናፈሻ የተጣራ አየር የሚገባበት፣ ራስን በሙሉ የሚሸፍን ልቅ ቆብ ነው። ያ ካልተገኘ ብናኝና ትነት የሌለበት ሥራ ይሰጠው፤ መለካት፣ ዕቃ ማዘጋጀት፣ ከነፋሱ በላይ ሆኖ መጠበቅ።

ሹሩባ ላላት እህታችን፦ ሻሹ ይውለቅ፣ ማሰሪያው በቀጥታ በፀጉሩ ላይ ይዋል፣ ሻሹ ከላይ ይታሰር። ሻሽ ላይ የታሰረ ማሰሪያ ይንሸራተታል። የላይኛው ማሰሪያ አናት ላይ፣ የታችኛው ከጆሮ በታች ማጅራት ላይ። ወፍራም ሹሩባ ከኋላ ከተቋጠረ ቋጠሮው ከሁለቱ ማሰሪያዎች መሃል ይሁን። ከማስኩ ሥር ግን ምንም ጨርቅ፣ የነጠላ ጫፍም ቢሆን፣ አይግባ።

ማስኩ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ አለው። አፍንጫ ላይ ቆንጥጦ አገጭ ላይ ከላላ ልኩ አይደለም። አጥብቆ ማሰር የተሳሳተ ልክን አያስተካክልም፣ እንዲያውም ጠርዙን ያጣምመዋል።

በለበሳችሁ ቁጥር ሁለት ፍተሻ አድርጉ። መዳፋችሁን ከፊት ባለው የአየር ማስወጫ ቫልቭ ላይ አሳርፉና በቀስታ ተንፍሱ፤ ማስኩ ትንሽ ይነፋል፣ በዓይን በኩልም ሆነ በጉንጭ አየር መውጣት የለበትም። ከዚያ ሁለቱን ፊልተሮች በመዳፍ ሸፍኑና ሳቡ፤ ማስኩ ወደ ፊት ይጠባል፣ 10 ሰከንድ ያህል እንደተጠባ መቆየት አለበት። ካስገባ ማሰሪያውን አስተካክላችሁ ድገሙ። አልሆን ካለ በዚያ ማስክ ወደ ሥራ አይገባም።

ፈጥኖ_ሠሪ

ፊልተሩ አቧራ ሲይዝ በኮምፕሬሰር ከውስጥ ወደ ውጭ ቢነፋ እንደ አዲስ ይሆናል። ብዙ ቦታ እንዲህ ነው የሚሠራው። ፊልተር ውድ ነው።

ንጹሕ_አየር

ውድነቱ እውነት ነው ወንድሜ፣ ግን አይነፋም፣ አይታጠብም። ክሩ ብናኝን የሚይዘው በጥበቱ ብቻ ሳይሆን በላዩ ባለው የኤሌክትሪክ ሙልም ጭምር ነው። ግፊት ያለው አየር ክሩን ይበጥሳል፣ ሳሙናና አልኮል ሙሉን ያጠፋል። አየር እንደ ልብ የሚያልፍበት ፊልተር “ጸዳ” ይመስላል፤ በእርግጥ ግን የተበሳ ነው። በዚያ ላይ የተነፋው የእርሳስ አቧራ የሚያርፈው እዚያው ሥራ ቦታ ነው። ለመቆጠብ ከፈለጋችሁ አቧራውን ከምንጩ ቀንሱ፤ ከላይ የተባለው እርጥብ ፍቀት የፒ100ን ዕድሜ ከምንም በላይ ያረዝማል። ፒ100 መሳብ እስኪከብድ፣ እስኪቆሽሽ ወይም እስኪጎዳ ያገለግላል።

ቤተ_ሙከራ

እጥበቱን ልጻፍ፤ የሚታጠበው የላስቲኩ አካል ብቻ ነው።

ፊልተሮቹን ንቀሉ። ማሰሪያውንና ቫልቮቹን አውጡ። ከ43 ዲግሪ የማይበልጥ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ ይዘጋጅ፣ ትንሽ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ይጨመር፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጠርዙንና የቫልቭ መቀመጫውን ፈትጉ። በንጹሕ ውኃ አለቅልቁ። ማስኩን ከአንድ በላይ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውኃ 1 ሚሊ ሊትር በረኪና ጨምሩ፣ በስሪንጅ ለኩት። 2 ደቂቃ ይዘፈዘፍ፣ ከዚያ በብዙ ውኃ ይለቅለቅ፤ የቀረ በረኪና ቆዳ ያቃጥላል፣ ላስቲክም ያደርቃል። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አታቀላቅሉ። ቲነርና ቤንዚን ላስቲኩን ያሳብጡታል፣ ጠርዙ ቅርጹን ያጣል። የተጣበቀ ቀለም ካለ በጥፍር ተላጦ ይነሳ። በጥላ፣ በአየር ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አይሁን።

አሁን ወደ ማስወጫ ቫልቩ፣ ብዙ ጊዜ ችግር የሚጀምረው ከእርሱ ነው። የፊት ክዳኑን ስታነሱ ስስ ክብ ላስቲክ ታያላችሁ፣ መሃሉ ላይ ባለች እግር ቀዳዳ ውስጥ ተሰክታ ዙሪያዋን በጠፍጣፋ ቀለበት ላይ ትተኛለች። ስትተነፍሱ ትነሳለች፣ ስትስቡ ትዘጋለች። አንዲት ፀጉር፣ አንዲት የደረቀች የቀለም ነጥብ ከሥሯ ከገባች አትዘጋም፤ በእያንዳንዱ ስበት ያልተጣራ አየር በዚያ ይገባል፣ የሚሰማ ድምፅም የለውም። በጣት ጫፍ አንሱና ሥሯን እዩ። ቀለበቱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ጠርዟ ከተጠቀለለ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ስትጫኗት ተጣብቃ ከቀረች ይቀየራል። መለዋወጫ ካልተገኘ ያ ማስክ አይለበስም።

ውስጥ ግራና ቀኝ ያሉት የማስገቢያ ቫልቮች ለእጥበት ወጥተው ሲረሱ ሰው አያስተውልም፣ ምክንያቱም መተንፈስ እንዲያውም ይቀላል። የሚሆነው ግን የምትተነፍሱት እርጥበት ያለው አየር ወደ ከሰሉ ይመለሳል፣ ካርትሪጁም ከጊዜው በፊት ያልቃል። ስትገጣጥሙ ሁለቱም መኖራቸውን በጣት ዳስሱ።

ገበያ_አጥኚ

ስትገዙ ደግሞ፦ ኤን95 የተባለው ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ አትቀበሉ፤ በአሜሪካው ተቋም በኒዮሽ የጸደቀ ኤን95 ሁለት የራስ ማሰሪያ ነው ያለው። ማስኩ ላይ የኒዮሽ ስም ፊደሉ ሳይሳሳት፣ ከጎኑም በቲሲ-84ኤ የሚጀምር ቁጥር መታተም አለበት። የኦርጋኒክ ትነት ካርትሪጅ በቲሲ-23ሲ ይጀምራል። የአውሮፓው ከሆነ ሲኢ ከሚለው ቀጥሎ አራት አኃዝ ይኖራል። የካርትሪጁ እሽግ ከተቀደደ ወይም ቀኑ ካለፈ አይገዛም፤ መደርደሪያ ላይ ክፍት የቆየ ከሰል ከሱቁ አየር እየጠጣ ነው የሰነበተው። የአንዱን ድርጅት ካርትሪጅ በሌላው ማስክ ላይ አስገድዶ ማስገባትም የለም፣ ቢጠመዘዝ እንኳ ያስገባል።

ጣና_ዳር

እናመሰግናለን። ፖሊዩሪቴኑ ቀርቷል፣ ኢፖክሲና ሲንተቲክ በሮለር ይሆናል፤ የታሸገው ክፍልም ክዳኑ ተፈትቶ መለኪያ እስኪገኝ ይቆያል። አንድ ጥያቄ፦ ቀለሙ በሁለት ቀን ተከፍሎ ከተቀባ ካርትሪጁ በመሃል እንዴት ይቀመጣል?

ዱኮ_ቀቢ

ከማስኩ ይነቀል፣ አየር በማያስገባ ዚፕ ባለው ፌስታል ይታሸግ፣ ላዩ ላይ የተከፈተበት ቀንና የሠራበት ሰዓት በማርከር ይጻፍ። ማስኩ ላይ እንደተሰካ ቀለም ከተቀመጠበት ክፍል ካደረ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ እንዳደረ ቁጠሩት። ሌላም ነገር አለ፦ ከሰሉ ፊት በኩል የተያዘው ትነት ካርትሪጁ ቆሞ ሲያድር ቀስ እያለ ወደ ውስጠኛው ጎን ይሄዳል፣ በማግስቱ የመጀመሪያው ስበት ይዞት ይመጣል። እንደ አሴቶን ያለ ቶሎ የሚተን ነገር ከነበረበት ለማግስቱ አታሳድሩት፣ በዚያው ቀን ይጣል።

የላስቲኩን አካል ምስማር ላይ በማሰሪያው አትስቀሉ፣ ይለጠጣል፤ ከዕቃ ሥርም አትቅበሩት፣ የተጣመመ ጠርዝ አይመለስም። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ይቀመጥ።

በያጅ_ዘቀበሌ

የፍቀት ልብሱም ቤት አይግባ፣ ልጆች አሉ። እዚያው ተቀይሮ ለብቻው ይታጠብ። ምሳ ከመቅረቡ በፊት እጅና ፊት በሳሙና፤ በእጅ ነው የምንበላው፣ እርሳሱ በማስኩ በኩል ባይገባ በጉርሻው ይገባል። የሸራው ፍቅፋቂና ያለቀው ፊልተር በወፍራም ማዳበሪያ ታስሮ፣ “የእርሳስ ቀለም” ተብሎ ተጽፎበት፣ ከተማ አስተዳደሩ ጽዳት ክፍል ተጠይቆ ይሰጥ። ዳር ላይ አይቃጠል።